የተተረጎመ ይዘት በዳታቤዝ ውስጥ የት ይቀመጥ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። "የኦንላይን መሸጫ ዌብ አፕ እየሠራሁ ነው። እስካሁን በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር። አሁን አማርኛና ዓረብኛ ይጨመርበት ተብሏል፤ ወደፊት ሌላም ሊመጣ ይችላል። የበተኖቹንና የሜኑውን ጽሑፍ በትርጉም ፋይል ጨርሻለሁ። የቸገረኝ ዳታቤዝ ውስጥ ያለው ነው፦ የእቃው ስም፣ መግለጫው፣ የምድቡ ስም። በየቋንቋው ኮለም (የቴብል ዓምድ) ልጨምር? በጄሰን፣ ማለትም ብዙ መረጃ በአንድ ጽሑፍ በሚያሰፍረው ቅርጽ፣ ላስቀምጠው? ወይስ ሌላ ቴብል ልክፈት?"

ሌላ ቴብል ክፈት። መልሴ ይህ ነው። ግን እዚህ ላይ ካቆምኩ የረዳሁህ አይመስለኝም። ቴብል መክፈት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ጣጣው የሚመጣው ስድስት ወር ቆይቶ፣ ትርጉሙ ግማሹ ሲያረጅ ግማሹ ሲጎድል ነው። ስለዚህ ቴብሉን ከመሳልህ በፊት አንድ ነገር ልብ በልልኝ፦ እያንዳንዱ ትርጉም ራሱን የቻለ መዝገብ ነው። ጸሐፊ አለው፣ የተጻፈበት ቀን አለው፣ የተተረጎመበት ምንጭ አለው፣ ደግሞም ያረጃል። ይህን ከተቀበልክ የቀረው ውሳኔ አብዛኛው ራሱ ይመጣል።

የበተንና የሜኑ ጽሑፍን ለብቻ በፋይል መጨረስህ ጥሩ ነው። እነሱ ከኮዱ ጋር ነው የሚኖሩት፤ የሚቀይራቸውም ፕሮግራመር ነው። የእቃ መግለጫን ግን አንድ የሽያጭ ሠራተኛ ማታ ገብቶ ሊቀይረው ይችላል፤ አዲስ ሪሊዝ አይጠብቅም። እንደተለያዩ ይቆዩ።

በየቋንቋው ኮለም መጨመር ለሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚመጣ ሐሳብ ነው። እኔም የጀመርኩት በእሱ ነው። ስም በእንግሊዝኛ፣ ስም በአማርኛ፣ መግለጫ በእንግሊዝኛ፣ መግለጫ በአማርኛ። ለሁለት ቋንቋ ያምራል። ጆይን (ሁለት ቴብል ማጣመር) የለም፣ ኩዌሪው (ለዳታቤዙ የሚቀርበው ጥያቄ) አጭር ነው፣ ቴብሉን ከፍተህ ስታየው ሁሉም ጎን ለጎን ተደርድሯል። ሦስተኛው ሲመጣ ነው የሚከብደው። 10 ቴብል ላይ ሁለት ሁለት የሚተረጎም ኮለም ካለህ፣ አንድ ቋንቋ መጨመር ማለት 20 ኮለም ነው። በዚያ ላይ የአድሚኑ ፎርም፣ ኤክስፖርቱ፣ የፍለጋው ኮድ ሁሉ ይነካካል።

ከዚህ የባሰው ግን ዝምታው ነው። የአማርኛው ኮለም ባዶ ሆኖ ስታገኘው፣ ገና ስላልተተረጎመ ነው? ወይስ ተርጓሚው ሆን ብሎ ትቶት? ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው? ኮለሙ አይነግርህም። የእቃው "የተሻሻለበት ቀን" አንድ ብቻ ነው። ክብደቱ ቢቀየርም፣ የዓረብኛ ስሙ ቢስተካከልም የሚንቀሳቀሰው ያው ቀን ነው። ቋንቋው ከሁለት እንደማያልፍ እርግጠኛ ለሆነ ሰው ይህን መንገድ አልከለክልም። የዣንጎው (የፓይተን ዌብ ፍሬምወርክ ነው) ሞዴልትራንስሌሽን ፓኬጅ የሚሠራውም በዚህ መንገድ ነው። አንተ ግን "ወደፊት ሌላም ሊመጣ ይችላል" ብለሃል።

ጄሰኑ ከዚህ የተሻለ ነው። "ስም" የሚል አንድ ኮለም ይኖርሃል፤ ውስጡ የቋንቋ ኮድና ጽሑፍ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቀመጣሉ። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ከ2014 ጀምሮ፣ ማለትም ከ9.4 እትሙ ወዲህ፣ ጄሰንቢ የሚባል ዓይነት አለው፤ ኢንዴክስም (ፍለጋን የሚያፈጥን ማውጫ) ይደረግበታል። የላራቬሉ (የፒኤችፒ ዌብ ፍሬምወርክ ነው) የስፓቲ ትራንስሌተብል ፓኬጅም የሚያስቀምጠው በጄሰን ነው። አዲስ ቋንቋ ሲመጣ ቴብሉን አትነካም። የምድብ ስም፣ የቀለም ስም፣ እንዲህ ላሉ አጫጭርና እምብዛም ለማይቀየሩ ነገሮች እኔም እጠቀምበታለሁ።

ለእቃ መግለጫ ግን አልመርጠውም። ሁለት ተርጓሚዎች ባንድ ጊዜ ሲሠሩ አስብ። አንዷ የአማርኛውን ከፍታለች፣ ሌላው የዓረብኛውን። አፑ የሚያስቀምጠው ጄሰኑን በሙሉ ከሆነ፣ እሷ 4፡10 ላይ አስቀመጠች፤ እሱ ደግሞ ከዚያ በፊት የጫነውን ይዞ 4፡12 ላይ አስቀመጠ። የእሷ ሥራ ጠፋ። ምንም ኤረር አልወጣም። ለዚህ መከላከያ መጻፍ ይቻላል፤ ግን ለየብቻ ሮው (የቴብል ረድፍ) ቢሆን ኖሮ ችግሩ ከመነሻው አይኖርም ነበር። "የማን ጽሑፍ ነው፣ ጸድቋል ወይ፣ ከየትኛው ምንጭ ነው የተተረጎመው" የሚሉትንም በጄሰን ውስጥ ማስገባት ትጀምራለህ፤ ያኔ በቴብል የምትሠራውን ነገር ያለ ቴብል እየሠራህ ነው።

ሌላም መንገድ ስላለ ልጥቀሰው፤ አንድ ሰው ሊመክርህ ይችላልና። ለሁሉም የሚሆን አንድ ትልቅ የትርጉም ቴብል ነው። የቴብሉ ስም፣ የሮው መለያ፣ የፊልዱ ስም፣ ቋንቋ፣ ጽሑፍ። ሁሉን ቻይ ይመስላል። ነገር ግን ፎሬን ኪ (ወደ ሌላ ቴብል ሮው የሚያመለክት፣ ዳታቤዙ ራሱ የሚጠብቀው መለያ) ማድረግ አትችልም፣ መለያው የየትኛው ቴብል እንደሆነ ዳታቤዙ አያውቅምና። እቃው ሲጠፋ ትርጉሙ ወላጅ አልባ ሆኖ ይቀራል። ሦስት ፊልድ ያላቸውን 50 እቃዎች ለመዘርዘር 150 ሮው አምጥተህ እንደገና መገጣጠም አለብህ። ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

አሁን ወደምመክርህ ልምጣ። ሁለት ቴብል ነው። አንደኛው "እቃ" ይባል። በውስጡ ቋንቋ የማይነካው ነገር ብቻ ይግባ፦ መለያ፣ ዋጋ፣ ክብደት፣ ብዛት፣ የምድብ መለያ። ሁለተኛው "የእቃ ትርጉም" ይባል፦ የእቃ መለያ፣ ቋንቋ፣ ስም፣ መግለጫ፣ የሊንክ ስም (በገጹ አድራሻ ውስጥ የሚገባው)። ፕራይመሪ ኪው (አንዱን ሮው ከሌላው የሚለየው) የእቃ መለያውና ቋንቋው አንድ ላይ ናቸው። ይህች ትንሽ ነገር ብዙ ትጠብቅሃለች፤ አንድ እቃ በአንድ ቋንቋ ሁለት ትርጉም እንዳይኖረው ዳታቤዙ ራሱ ይከለክልልሃል። የእቃ መለያው ፎሬን ኪ ይሁን፣ እቃው ሲሰረዝም አብሮ ይሰረዝ። ለምድብም እንደዚሁ "የምድብ ትርጉም" ትከፍታለህ።

በምሳሌ እንየው። እቃ 17 የፀሐይ መብራት ነው እንበል። "እቃ" ላይ አንድ ሮው አለው፦ 17፣ 300 ግራም፣ 5 ቮልት። "የእቃ ትርጉም" ላይ ሁለት ሮው አለው፦ 17፣ እንግሊዝኛ፣ "ሶላር ላምፕ"፤ 17፣ አማርኛ፣ "የፀሐይ መብራት"። ዓረብኛው የለም። "የለም" ማለት ደግሞ በትክክል ሮው የለም ማለት ነው። ዓረብኛ የጎደላቸውን እቃዎች ለማወቅ አንድ ኩዌሪ ይበቃል፤ ለተርጓሚው የሥራ ዝርዝር ሆኖ ያገለግላል።

እዚህ ላይ ሰው የሚከራከርበት ጥያቄ አለ። የመነሻው እንግሊዝኛ የት ይቀመጥ? ብዙዎች "እቃ" ላይ ትተውት ሌሎቹን ቋንቋዎች ብቻ ወደ ትርጉም ቴብል ይወስዳሉ። እኔ እንግሊዝኛውም እንደሌሎቹ ወደ ትርጉም ቴብል ይሂድ ባይ ነኝ። ካልሄደ ማንኛውም ኩዌሪ "እንግሊዝኛ ከሆነ ከዚህ፣ ካልሆነ ከዚያ" የሚል ቅርንጫፍ ይኖረዋል። ከዚያም አንድ ቀን መግለጫው መጀመሪያ በዓረብኛ የተጻፈ እቃ ይመጣና ቦታ ያጣል። "እቃ" ላይ "የመነሻ ቋንቋ" የሚል ኮለም ጨምርና በቃ።

የቋንቋ ኮለሙን ሁለት ፊደል ብቻ አታድርገው። የቋንቋ ኮዶች ስታንዳርድ የሆነው አይኤስኦ 639-1 ለአንድ ቋንቋ ሁለት ፊደል ይሰጣል፤ ግን ኮድ ያላቸው ከ200 በታች ናቸው፤ ሌሎቹን የምታገኘው በ639-3 ባለ ሦስት ፊደል ኮድ ነው። የብራዚል ፖርቱጋልኛና የፖርቱጋሉ፣ ቻይንኛ በባህላዊው ጽሕፈትና በተቃለለው፣ እነዚህ ሁሉ ከሁለት ፊደል በላይ ይፈልጋሉ። ቢሲፒ 47 የሚባለው ስታንዳርድ ይህን ሁሉ ይሸፍናል፤ ብራውዘሮችም የሚናገሩት እሱን ነው። 35 ካራክተር ቦታ ስጠው። ቋንቋን በአገር ባንዲራ ወይም በአገር ኮድ አትወክል፤ ዓረብኛን የትኛው ባንዲራ ይወክለዋል? ለቋንቋዎቹም ትንሽ ቴብል ክፈት፦ ኮድ፣ ቋንቋው በራሱ ጽሕፈት የሚጠራበት ስም፣ አቅጣጫው (ዓረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ነው)፣ ትርጉም ሲጠፋ ወደየትኛው ቋንቋ እንደሚዞር። "የእቃ ትርጉም" ላይ ያለው ቋንቋ ወደዚህ ቴብል ፎሬን ኪ ይሁን። አለበለዚያ አንዱ ካፒታል፣ አንዱ ስሞል፣ አንዱ በሰረዝ፣ አንዱ በታች ሰረዝ እየጻፈ አንድ ቋንቋ አራት ይሆንብሃል።

ትርጉም ሲጎድል ምን ይታይ? የትርጉም ቴብሉን ሁለት ጊዜ ሌፍት ጆይን (ተጓዳኝ ባይኖርም እቃውን የማይጥል ማጣመር) ታደርጋለህ፦ አንዴ በተጠቃሚው ቋንቋ፣ አንዴ በእቃው የመነሻ ቋንቋ። ከዚያ ኮአሌስ የሚባለው ፈንክሽን የመጀመሪያውን ነል ያልሆነ (ነል ማለት ምንም ያልገባበት) ይመርጥልሃል። አንድ ወጥመድ አለበት። ኮአሌስ የሚዘለው ነልን ብቻ ነው። ተርጓሚው ፎርሙን ሳይሞላ አስቀምጦ ባዶ ስትሪንግ ከገባ፣ ለኮአሌስ እሱ ዋጋ ያለው ጽሑፍ ነው፤ ተጠቃሚው ስም የሌለው እቃ ያያል። ስታስቀምጥ ባዶውን ወደ ነል ቀይር፤ ወይም ኩዌሪው ላይ ነልኢፍ (ባዶውን ወደ ነል የሚቀይር ፈንክሽን) ጨምርበት። ሁለቱንም ብታደርግ አይቆጭህም።

መግለጫው በእንግሊዝኛ ሲታይ ደግሞ ኤችቲኤምኤሉ ላይ ያ ክፍል እንግሊዝኛ መሆኑን ጻፍ፤ አቅጣጫውንም። ካልጻፍክ በዓረብኛ ገጽ ውስጥ የገባ እንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ነጥቡ ወደ ግራ ጫፍ ይሸሻል፤ ለዓይነ ስውራን የሚያነበው ሶፍትዌርም በተሳሳተ ድምፅ ያነበዋል።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝ ቦታ ላይ ደረስን። እርጅና። ትርጉም ሲጎድል ይታያል፤ ሲያረጅ ግን አይታይም።

አንድ ሥራ ላይ እንዲህ ሆነ። መብራቱ በ12 ቮልት ቻርጅ ይደረግ ነበር። አምራቹ ቀይሮት በ5 ቮልት ሆነ። የእንግሊዝኛው መግለጫ በዚያው ቀን ተስተካከለ። የተተረጎመው ግን "በ12 ቮልት" እንዳለ ቀረ። ማንም አላስተዋለም፣ ምክንያቱም ጽሑፉ አለ፣ ያምራል፣ ስህተትም አይመስልም። ያወቅነው አንድ ገዢ አዲሱን መብራት በ12 ቮልት ሰክቶ ካቃጠለው በኋላ ነው። ሰው አልተጎዳም። ሊጎዳ ግን ይችል ነበር። ያን ዕለት የተረዳሁት ሁለት ነገር ነው፤ ሁለቱንም ከዚያ ወዲህ ለቅቄያቸው አላውቅም።

አንዱ፦ ቮልቱ መጀመሪያውኑ ጽሑፍ ውስጥ መግባት አልነበረበትም። ቁጥር ነው። ቦታው "እቃ" ቴብል ላይ ነው፤ በሁሉም ቋንቋ ገጽ ላይ ከዚያው ይነበባል፤ አንድ ቦታ ሲቀየር ሁሉም ይቀየራል። መግለጫዎችህን አሁኑኑ ቁጭ ብለህ አንብባቸው። ክብደት፣ ልኬት፣ የዋስትና ዓመት፣ ተቀብረው ታገኛቸዋለህ። አውጣቸው። የሚተረጎመውን መቀነስ ከማንኛውም የቴብል ዲዛይን ይበልጣል።

ሌላው፦ ትርጉሙ ከየትኛው ምንጭ እንደተተረጎመ መመዝገብ አለበት። በየትርጉም ሮው ላይ ሁለት ቁጥር ጨምር። አንዱ የራሱ የጽሑፉ እትም ነው፤ ጽሑፉ በተቀየረ ቁጥር በአንድ ያድጋል። ሌላው "የምንጭ እትም" ነው፤ ተርጓሚዋ ስትሠራ ፊቷ የነበረው የእንግሊዝኛ እትም ስንተኛ ነበር የሚለውን ይይዛል። እንግሊዝኛው 4ኛ ላይ ደርሶ የአማርኛው የምንጭ እትም 3 ከሆነ አርጅቷል። አለቀ።

"በተሻሻለበት ቀን ማወዳደር አይበቃም ወይ?" የሚል ሰው ይኖራል። አይበቃም። እንግሊዝኛው ሰኞ ተቀየረ እንበል። ማክሰኞ አንድ ሰው የአማርኛው ላይ የተገደፈች አንድ ፊደል አስተካከለ። አሁን የአማርኛው ቀን ከእንግሊዝኛው ይበልጣል፤ ሲስተሙ "አዲስ ነው" ይልሃል። ውስጡ ግን ያው አሮጌው 12 ቮልት ነው።

በተቃራኒው ደግሞ የእንግሊዝኛው ላይ ኮማ በተስተካከለ ቁጥር ሁሉም ትርጉም "አርጅቷል" ከተባለ ተርጓሚዎች ማስጠንቀቂያውን መናቅ ይጀምራሉ። ስለዚህ ፎርሙ ላይ "ይህ ለውጥ ትርጉሙን ይነካል" የሚል ምልክት ማድረጊያ አድርግ። ምልክት ከተደረገበት ብቻ እትሙ ይደግ። መነሻው ምልክት ያለበት ሆኖ ይከፈት፤ ጸሐፊው ከረሳ ስህተቱ ወደ ጥንቃቄ ይጋደል። የደህንነት ማስጠንቀቂያ ላለበት እቃ ደግሞ ያረጀውን ትርጉም ከማሳየት አዲሱን እንግሊዝኛ ማሳየት ይሻላል።

ኢንኮዲንግን (ፊደል በባይት የሚቀመጥበትን መንገድ) በአጭሩ ልንካ። ማይኤስኪውኤል የሚባለውን ዳታቤዝ የምትጠቀም ከሆነ "ዩቲኤፍ8" የሚለው ስም ያታልላል፤ የሚይዘው ለአንድ ካራክተር እስከ 3 ባይት ብቻ ነው። የተለመዱት ፊደሎቻችን 3 ባይት ስለሆኑ ይገባሉ፤ ችግሩ የማይታይህም ለዚህ ነው። ኢሞጂ 4 ባይት ነው፣ አይገባም። በ2021 በዩኒኮድ 14 የተጨመሩት የጉራጊኛ ፊደላትም 4 ባይት የሚወስዱ ናቸው። "ዩቲኤፍ8ኤምቢ4" በለው። ከማይኤስኪውኤል 8.0 ጀምሮ መነሻው እሱ ሆኗል፤ አሮጌ ዳታቤዝ የወረስክ እንደሆነ ግን ራስህ አረጋግጥ። በድሮው የኢንዴክስ ገደብ፣ 767 ባይት ማለት ነው፣ በ4 ባይት ሲካፈል 191 ካራክተር ነው የሚገባው። 255 የነበረ ኮለም ላይ ኢንዴክስ አልሠራም ካለህ ምክንያቱ ይህ ነው።

ፍለጋና ቅደም ተከተል ላይ ትርጉሙ ለየብቻ ሮው መሆኑ እንደገና ይክስሃል። ቋንቋዎች ፊደልን አንድ ዓይነት አይደረድሩም። ሁለት ነጥብ ያለበት ኦ በስዊድንኛ ከዜድ በኋላ ይመጣል፤ በጀርመንኛ መዝገበ ቃላት ግን ከተራው ኦ ጋር ነው። ኮሌሽኑን (የፊደል አደራደር ደንቡን) እንደ ተጠቃሚው ቋንቋ ኩዌሪው ላይ ንገረው። ፖስትግሬስ ከ10 ጀምሮ አይሲዩ የሚባለውን የዩኒኮድ ላይብረሪ ኮሌሽኖች ይቀበላል። የጽሑፍ ፍለጋውም ቃላትን ወደ ሥርወ ቃላቸው የሚመልሰው እንደ ቋንቋው ነው። ዓረብኛ በፖስትግሬስ 12 ተጨምሯል። አማርኛ አብሮት አይመጣም፤ ያለው አማራጭ "ሲምፕል" የሚባለው ነው፤ እሱ ደግሞ ቃሉን እንዳለ ነው የሚወስደው።

ለአማርኛ ግን አንተ ራስህ የምታደርገው አለ። አንዱ "ፀሐይ" ይጽፋል፣ አንዱ "ጸሀይ"፣ አንዱ "ፀሀይ"። ለኮምፒውተሩ ሦስቱም የተለያዩ ቃላት ናቸው። "የእቃ ትርጉም" ላይ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን አንድ ኮለም ጨምር። ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ እየመለስክ እዚያ አስቀምጥ፤ ሰባቱንም ሆሄያት አትርሳ፣ ሃና ሀ በአንድ ድምፅ መነበባቸውንም ጨምር። ተጠቃሚው የጻፈውንም በዚያው ፈንክሽን አሳልፈህ ፈልግ። የሚታየውን ጽሑፍ ግን አትንካ። ጸሐፊው "ፀሐይ" ካለ "ፀሐይ" ሆኖ ይታይ።

ጥቂት ቀሪ ነገሮች። የሊንክ ስሙ በየቋንቋው ዩኒክ (የማይደገም) ይሁን፤ ቋንቋና የሊንክ ስም አንድ ላይ ማለቴ ነው። የቋንቋ ኮዱ ዩአርኤሉ ውስጥ ይግባ፤ በኩኪ ብቻ ከሆነ አንዱ የላከውን ሊንክ ሌላው በሌላ ቋንቋ ያየዋል። ካሽ የምታደርግ (የተዘጋጀውን ገጽ ለጊዜው አስቀምጠህ መልሰህ የምታሳይ) ከሆነ የካሹ ኪ ውስጥ ቋንቋ አለ ወይ ብለህ ፈትሽ። 50 እቃ ስትዘረዝር ትርጉሙን በየእቃው እየጠየቅክ 51 ኩዌሪ እንዳታደርገው፤ ባንድ ላይ ጫነው። የገዢዎች አስተያየት አይተርጎም፤ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ መዝግበህ እንዳለ አሳየው። ትዕዛዝ ሲገባ ደግሞ የእቃውን ስም ገዢው ባየበት ቋንቋ ገልብጠህ ትዕዛዙ ላይ አስቀምጥ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደረሰኙን ሲከፍት የገዛውን ስም ነው ማየት ያለበት።

ይህን ሁሉ በእጅህ መጻፍ ግዴታ አይደለም። በዣንጎ ፓርለር፣ በላራቬል የአስትሮቶሚክ ትራንስሌተብል በትርጉም ቴብል ነው የሚሠሩት። በሬይልስ (የሩቢው ዌብ ፍሬምወርክ) ሞቢሊቲ ጄሰኑንም የትርጉም ቴብሉንም ያስመርጥሃል። የእትም ቁጥሮቹን ግን የምትጨምረው አንተ ነህ።

አሁን እየሠራ ያለ ሲስተም ስላለህ ሽግግሩን ቀስ አድርገው። መጀመሪያ የትርጉም ቴብሉን ክፈት። አፑ ሲያስቀምጥ ሁለቱም ቦታ እንዲጽፍ አድርግ፤ አሮጌውም ላይ አዲሱም ላይ። ከዚያ ያለውን እንግሊዝኛ በሙሉ ገልብጥ፤ የሁሉም እትም 1 ይሁን። የሮው ብዛት ከእቃዎቹ ጋር እኩል መሆኑን ቁጠር። ቀጥሎ ማንበቢያውን ገጽ በገጽ ወደ አዲሱ አዙር፤ በምድብ ገጽ ጀምር፣ ትንሽ ስለሆነ። ሁሉም ዞሮ ጥቂት ሳምንት ያለ ችግር ከሠራ በኋላ ብቻ የድሮዎቹን ኮለሞች ጣል። ዓረብኛውና አማርኛው ግን ያን ሁሉ መጠበቅ የለባቸውም፤ ማንበቢያው የዞረበት ገጽ ላይ ወዲያው መግባት ይችላሉ።